በስሜ የሚመታው አፅም

ሰኞ፣ 4

ማሽኑ መጣ። ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ ስላደረገው ከእንግዲህ የጎልፍ ትምህርት አዳራሽ ውስጥ ነው ተብሏል። ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንን አስተማሪዎች፣ እኔንና ሽቦውን፣ ጠርቶ አስጎበኘን። ሽቦው የምለው ወጣቱን ባልደረባዬን ነው። ቀጭን ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ አለቃ ፊት ሲቆም ደግሞ በፈለጉት በኩል ይታጠፋል።

አዳራሹ ዙሪያውን ካሜራ ተሰቅሎበታል። ካሜራዎቹ ግን ሰው አያዩም። ከሰውነት ጋር ጥብቅ የሚል ጥቁር ልብስ አለ፤ ልብሱ ላይ ሽንብራ የሚያካክሉ አብረቅራቂ ፍሬዎች ተለጥፈዋል፤ ካሜራዎቹ የሚያዩት እነሱን ብቻ ነው። ልብሱን ለብሰህ ኳሷን ስትመታ ስክሪኑ ላይ ፊት የለ፣ ሥጋ የለ፣ አፅምህ ብቻውን ሲመታ ታየዋለህ። ከዚያ ማሽኑ ዳሌህ መቼ እንደዞረ፣ ክንድህ የት እንደታጠፈ፣ ራስህ ወዴት እንደሄደ አንድ በአንድ ያሳብቅብሃል። ነገረኛ ነው።

የተከለችው ኢንጂነር ገና ልጅ እግር ናት። "ከሁለታችሁ የአንዳችሁ አመታት አርአያ ሆኖ ማሽኑ ውስጥ ይቀመጣል" አለችን። ተማሪው የራሱን አፅም በአርአያው አፅም ላይ ደርቦ እያየ ይማራል ማለት ነው። ሥራ አስኪያጁ ከአፏ ተቀበላት፦ "አርአያ የሆነው የአዳራሹ ዋና አስተማሪ ይሆናል። ሌላው ደግሞ... እናያለን።" "እናያለን" ሲል ያየው እኔን ነው።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎናችን ግማሹ የእኛ፣ ግማሹ የደንበኞቿ ሱሪ ነው። "ምን አስጨነቀህ?" አለችኝ ቀና ሳትል። "ይሄን ሁሉ ዘመን 'እኔን እዩ' ስትል አይደል የኖርከው? አሁን ያዩሃላ።" ማበረታቷ ነው መሰለኝ።

ረቡዕ፣ 6

ኢንጂነሯ ሌላም ቦታ ሥራ ስላላት ብቅ ጥልቅ እያለች ነው የምትሠራው። "ሰው በሌለበት ሰዓት ብቻችሁን ገብታችሁ ቅዱ" አለችን። "ልብሱን ልበሱ፣ ማሽኑ እንዲያውቃችሁ እጃችሁን ዘርግታችሁ ቁሙ፣ አረንጓዴ መብራት ሲበራ ምቱ። እኔ የተቀዳውን አይቼ የሚበልጠውን እመርጣለሁ።" ከዚህ የቀለለ ነገር የለም።

ተማሪዎቼ ከጀርባዬ "አትነቃነቅ" እያሉ እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ። አልቀየማቸውም፤ ቢያንስ ትምህርቱን ይዘውታል። ትምህርቴ ሁሉ በዚህች አንዲት ቃል ያልቃል፦ ኳሷን እስክትመታ ራስህ ከቦታው አይነቃነቅ። ዳሌ ይዙር፣ ትከሻ ይዙር፣ ዓለም ይዙር፤ ራስ ግን ፍንክች አይልም።

ገባሁ፣ ለበስኩ፣ መታሁ። አፅሜን አየሁት። ዱላውን ሲያነሳ ራሱ ቁልቁል ይሰምጣል፣ ሲመታ ሽቅብ ብቅ ይላል። ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ እንሽላሊት ነው የሚመስለው። ከመቶ አርባ አንድ ሰጠኝ።

ማሽኑ ተበላሽቷል።

ሽቦው ሰባ ስምንት አገኘ። ማሽኑ በጣም ተበላሽቷል።

ሐሙስ፣ 7

ደገምኩ። ሠላሳ ዘጠኝ። ጫማው ይሆን? ጫማ ቀየርኩ። ሠላሳ ስድስት። የድሮው ጫማ ይሻል ነበር።

ቅዳሜ፣ 9

የቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት በጃንጥላ ስለማመድ የመኝታ ቤቱን አምፖል አወረድኩት። ባለቤቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሮጣ መጣች። ስብርባሪውን አየች፣ እኔን አየች፣ ጃንጥላውን አየች። ምን ይደበቃል? ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ አርባ አንዱን፣ እንሽላሊቱን፣ የሽቦውን ሰባ ስምንት።

"እስቲ ጃንጥላውን አምጣው" አለች።

እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመች፤ ግራ ትከሻዋን ቅንጣት ታህል ከፍ፣ ዝቅ አደረገችና ጃንጥላውን አዞረችው። ራሷ አልተነቃነቀም። አንገቷ ላይ ያለው ሜትር እንኳ አልወደቀም። "እንዲህ አይደል ስትለን የነበረው?" አለችኝ።

እንዲህ ነው እንጂ! ባለቤቴ ከመጋባታችን በፊት ተማሪዬ ነበረች። ያልኳትን ሁሉ ቃል በቃል ታደርግ ነበር። ከሠርጉ ወዲህ ያልኳትን አንዱንም አድርጋ አታውቅም፤ ጎልፉን ግን ያኔ እንዳስያዝኳት ይዛው ቀርታለች። ልጃችን ስትወለድ ጊዜ የለኝም ብላ ተወችው። እኔ ተይ አላልኳትም። ቀጥይም አላልኳትም፤ እሱ ሌላ ነገር ነው።

"ካሜራው ፊት አያይም ነው ያልከኝ?" አለች ስብርባሪውን እየጠረገች።

"አያይም። የሚያየው ሽንብራዎቹን ብቻ ነው።"

"እህ" አለች። መጥረጓን ቀጠለች። ያኔ ነው አንድ ድንቅ ሐሳብ ብልጭ ያለልኝ። እንዲህ ያለው ሐሳብ ከየት እንደሚመጣልኝ እኔም አላውቅ።

እሑድ፣ 10

ተቀድቷል። ማንም አላየንም። ልጃችንን ጎረቤት ተውናትና እንደ ሌባ በጓሮ በር ገባን። ልብሱ ለባለቤቴ ሰፋት፤ ጉልበቷ ላይ ተሸበሸበ፣ ሽንብራዎቹም ከመገጣጠሚያዋ ሸሹ። እሷ ለዚህ ትቸገራለች? መርፌና ክር ከቦርሳዋ አውጥታ እዚያው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ በልኳ አጠበበችው። ከዚያ ወጥታ እጇን ዘርግታ ቆመች። አረንጓዴው በራ።

ዘጠና ስድስት።

አፅሙን አየሁት። ራሱ ግድግዳ ላይ እንደተመታ ምስማር ነው፤ ሌላው አካላቱ በዙሪያው ይዞራል። ከመምታቷ በፊት ግን ያቺ የትከሻ ነገር አለች። መርፌ ላይ ክር ስታስገባም ታደርጋታለች። ድሮ ተይው ብያት ነበር። አልተወችውም።

"እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ጥሩ ነው።"

"ጥሩ ብቻ?"

"ትከሻሽ ላይ ትንሽ..." አልኩ። ምኑም ላይ ምንም አልነበረበትም፤ ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው።  በቃን እንሂድ ስላት "አንድ ልድገም" እያለች ቅርጫቱ ውስጥ ያለውን ኳስ ጨረሰችው። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስታንጎራጉር ነበር። ይሄን ያህል ምን እንዳስደሰታት አልገባኝም፤ ሥራው የእኔ ነው።

ማክሰኞ፣ 12

ተመረጥኩ! ሥራ አስኪያጁ እጄን ጨብጦ አልለቅ አለ። ሽቦው ስክሪኑ ፊት ፈዞ ቀረ። "ጋሼ፣ ራስዎ እኮ ፍንክች አይልም!"

"ይሄን ሁሉ ዘመን ምን ስላችሁ ነበር ታዲያ?" አልኩት፣ አፌን ሞልቼ። እንዴት እንደወጣልኝ! እኔም ለትንሽ ጊዜ አምኜው ነበር።

ኢንጂነሯ ግን ጠጋ ብላ ቁመቴን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና "እህ" አለች። ይቺ "እህ" አልተመቸችኝም።

ዓርብ፣ 15

ዛሬ ተማሪዎች በአርአያው መማር ጀመሩ። ጡረታ የወጡት ዳኛ እኔ ጋ ሲማሩ ሦስት ዓመታቸው ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከኳሷ ይልቅ መሬቱን ነው የሚመቱት፤ ድንች የሚያወጡ ነው የሚመስሉት። ዛሬ ለተማሪዎች የመጣውን ሌላ ሰፊ ልብስ ለብሰው፣ ሆዳቸው ላይ ያሉት ሽንብራዎች ተወጥረው፣ አፅማቸውን ከአርአያው ጋር እያስተያዩ መቱ። ኳሷ ጢው ብላ ሄደች! እሳቸውም ደነገጡ።

"አንተ ሰው" አሉኝ፤ "እንዲህ የምትመታ ከሆነ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን ደብቀህ እንደዚያ እየመታህ ታሳየን ነበር?"

ምን ልበል? ሳቅኩ። አንጀቴ ግን እርር አለ። ተማሪው ሁሉ ለውጥ አምጥቷል። ሁሉም "የእርስዎ አፅም፣ የእርስዎ አፅም" ይለኛል። ቀናሁ መሰለኝ። የቀናሁት በማን ነው? በራሴ! ራሴ ደግሞ አይደለሁም። ጉድ እኮ ነው።

እሑድ፣ 17

የአርአያውን ቪዲዮ በስልኬ እያየሁ ልጄ ከኋላዬ መጥታ አንገቷን አሰገገች። ገና አንደኛ ክፍል ናት።

"አባዬ፣ እማዬ ለምን እንዲህ ከሳች?"

ባለቤቴ አፏ ውስጥ የያዘቻቸው ስፒሎች እስኪበተኑ ሳቀች። "እማዬ አይደለችም፣ እኔ ነኝ" አልኳት ኮስተር ብዬ።

"አንተ እንዲህ አትመታም" አለች ልጄ። "ይቺ ክር ስታስገባ ያለች እማዬ ናት።"

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ልጅ የሚያየውን ካሜራ አያየውም። ለጎረቤት እንዳታወራ ብስኩት ገዛሁላት። ሁለት አስገዛችኝ።

ረቡዕ፣ 20

ኢንጂነሯ እኛ ቤት መጣች። ሱሪ ልታሳጥር ነው አሉኝ። እሺ፣ ሱሪ ይጠር። ግን አንድ ሱሪ ለማሳጠር ከሰዓት በኋላው ሙሉ ምን ይሠራል? ወጥ ቤት ሆኜ ሳቃቸው ይሰማኛል። ስገባ ሁለቱም ዝም።

"ስለ ምንድን ነው ወሬው?"

"ስለ ክር ነው" አለች ባለቤቴ። "የትኛው ክር ቶሎ እንደሚበጠስ።"

የሴቶች ወሬ። ወጣሁ።

ዓርብ፣ 22

አለቀልኝ። ቅዳሜ በ30 የአዳራሹ ምረቃ ነው። የቦርድ አባላቱ ይመጣሉ፣ ቤተሰብ ተጋብዟል፣ እኔ ደግሞ የአስተማሪዎቹን ልብስ ለብሼ በእንግዳው ሁሉ ፊት ከአርአያው ጎን እመታለሁ። ከራሴ ጎን መሆኑ ነው! "ዋና አስተማሪነትህን ያን ቀን እናውጃለን" አለ ሥራ አስኪያጁ።

ልብሱን ልሞክር ብዬ ገባሁ። ጉልበቴ ላይ ቀረ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም እምቢ አለ። ባለቤቴ አጥብባው እንደነበር ከነጭራሹ ረስተነዋል። ሽቦው በሩን ሲያንኳኳ አንድ እግሬን እንደ ዝንጀሮ አጥፌ ነበር። "ሆዴን አሞኛል፣ ሂድ!" አልኩት። ልብሱን በጃኬቴ ደብቄ ቤት አመጣሁት። ባለቤቴ "ግድ የለም፣ መልሼ አሰፋልሃለሁ" ብላ ተቀበለችኝ።

ሰኞ፣ 25

ኢንጂነሯ በሩን ዘግታ አስቀመጠችኝ። ስክሪኑ ላይ አፅሙን አቆመችው።

"ጋሼ፣ ካሜራ ፊት አያይም፤ አጥንት ግን ይለካል። ወይ የእርስዎ ጭን ለአንድ ቀን ብቻ አጥሮ ተመልሶ ረዝሟል፣ ወይ ደግሞ ይሄ ሌላ ሰው ነው።"

ላብ በላብ ሆንኩ። ሌባ እጅ ከፍንጅ ሲያዝ እንዲህ ነው የሚሆነው ማለት ነው።

"ለማንም አልተናገርኩም" አለች። "ቅዳሜ ግን ጎን ለጎን ስትቆሙ ማንም ያየዋል። ከፈለጉ አፅሙን በእርስዎ ልክ አስረዝመዋለሁ። ጭኑን ትንሽ፣ ክንዱን ትንሽ፣ ዳሌውን ጠበብ። ከዚያ ወዲያ የማን እንደነበር እኔም ብሆን መለየት አልችልም። ምርጫው የእርስዎ ነው።"

ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ። አሰብኩ ልበል? አላሰብኩም። "አስረዝሚው" አልኩ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ የምሥራች እንደያዘ ሰው።

"አስረዘምከኝ በለኛ" አለች።

"ለቤታችን እኮ ነው። ምን አጎደለብሽ? ማንም አያውቅሽ፣ ማንም አይጠይቅሽ።"

"እሱስ ማንም አያውቀኝ" አለችና ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች። በመኪናዋ እንደዚያ በፍጥነት ስትሰፋ ሰምቼ አላውቅም።

ሐሙስ፣ 28፣ ማታ

ሦስት ቀን ሆናት። አልተጣላችኝም፤ ብትጣላኝ በተሻለኝ። እራት ታቀርባለች፣ ልጇን ታስጠናለች፣ "ደህና እደር" ትለኛለች። ብትሰድበኝ መልስ ነበረኝ። ይሄን ቀን ሙሉ መልሴን ይዤ ስዞር ነው የምውለው፤ የምትጠይቀኝ ግን የለችም።

መልሴ ይሄ ነው። አንደኛ፣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ አመታቱ የእኔ ነው ቢባል ምን ስህተት አለው? ወጥ ያወጣው ሳይሆን ወጥ የሠራው... ይቺን ደግሞ እንዴት እንደምጨርሳት አላወቅኩም። ሁለተኛ፣ ራሷ ናት እሺ ያለችው። ሦስተኛ የለኝም።

ዛሬ ደግሞ ኮሪደር ላይ ሳልፍ ሽቦው ለሥራ አስኪያጁ ሲያወራ ሰማሁት። ያማኛል ብዬ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የኔው ግን ዛሬ ዘመድ ሆነኝ። "እውነቱን ልንገርህ፣ ጋሼን እንቀው ነበር" ይላል። "ዝም ብሎ ለፍላፊ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ሁሌ ማታ ማታ ቀርቼ ከአፅሙ እማራለሁ። እንዲህ የሚመታ ሰው አጠገቤ ሆኖ አለማወቄ ያሳፍረኛል።"

ቢያማኝ ይሻለኝ ነበር። ሮጬ ልገባና "እኔም አላወቅኩም ነበር!" ልለው ምንም አልቀረኝም።

አሁን ባለቤቴ ተኝታለች። ነገ እነግራታለሁ። ምን ብዬ? አላውቅም። የሠራሁት ደስ አላለኝም። ይኸው ነው፤ ደስ አላለኝም።

ዓርብ፣ 29

አልነገርኳትም። ደንበኛ በዛ።

ቅዳሜ፣ 30፣ ጠዋት

ቸኩያለሁ። ልብሱ ደረሰ፣ ገባልኝም። "ሰፋ አድርጌልሃለሁ፣ እንደ ልብህ ተወዛወዝበት" አለችኝ። ቂም አትይዝም፣ ደግ ናት። እንግዳ ባለበት ቀን ግን ቀሚስና ተረከዛም ጫማ ነበር የምታደርገው፤ ዛሬ ሱሪና ጠፍጣፋ ጫማ አድርጋለች። እግሯን አሟት ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ማታ

ከመጀመሪያው ልጀምር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ፊት ወንበር ላይ የቦርዱ ሰብሳቢ ተቀምጠዋል፤ ሳቅ የማያባክኑ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ባለቤቴ ልጃችንን አቅፋ ተቀምጣለች። ሥራ አስኪያጁ መብራት አስጠፋና አርአያውን ከፈተው። የተረዘመው አፅም ግድግዳውን ሞልቶ ወጣ። መታ። እንግዳው "ወይ!" አለና አጨበጨበ። ዘወር ስል ባለቤቴም ታጨበጭባለች። የሌላ ሰው ልጅ ምርቃት ላይ የተጠራ እንግዳ እንደሚያጨበጭበው፣ በልኩ። 

ተጠራሁ። እጄን ዘርግቼ ቆምኩ፤ አረንጓዴው በራ። ራስህ፣ ራስህ፣ ራስህ እያልኩ ዱላውን አነሳሁ። ዳሌዬን ሳዞር ከኋላዬ "ትርርር" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስፌቱ ከወገቤ እስከ ጉልበቴ ተተረተረ። ሽንብራዎቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ስክሪኑ ላይ ቀኝ እግሬ ከዳሌዬ ተለይቶ ለብቻው ወደ ጣሪያ ወጣ። ኳሷ የት እንደገባች እስካሁን አልታወቀም።

ክሩ ነው ጥፋቱ። የዘንድሮ ክር እርባና የለውም። ባለቤቴ ይሄን ሁሉ ዘመን ስትሰፋ ተተረተረብኝ ብሎ የመጣ አንድ ደንበኛ የለም፤ የእኔ ዕድል ሆኖ ነው።

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው እንባቸውን ይጠርጋሉ። ሽቦው ፎጣ ይዞ ሮጠና ራሱ ወገቤ ላይ አሰረልኝ፤ ለካ ደህና ልጅ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው ያልሳቀች ባለቤቴ ብቻ ናት። ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። የሆነ ነገር የምትጠብቅ ትመስላለች።

ሥራ አስኪያጁ ሊያድነኝ ፈለገ። "ግድ የለም፣ ጉድ የሠራን ልብሱ ነው! የእሱ ትክክለኛ አመታት ይኸው!" ብሎ አፅሙን ደግሞ ከፈተው። ይኸው አመለጥኩ። ሳቁ ያልፋል፣ ሹመቱ ይቀራል፤ ከእኔ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነው። ፎጣዬን በአንድ እጄ ጨብጬ ስክሪኑን አየሁ። ያ ረጅም አፅም ሊመታ ሲል ግራ ትከሻውን ቅንጣት ከፍ፣ ዝቅ አደረገ። ጭኑን አስረዝመናል፣ ዳሌውን አጥበናል፣ ያቺን ግን ማንም አልነካትም። ባለቤቴ ናት። በእኔ ቁመት፣ በእኔ ስም፣ ባለቤቴ ናት።

"እሱ እኔ አይደለሁም" አልኩ።

"ምን አልክ?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"አፅሙ የእኔ አይደለም። የባለቤቴ ነው፤ ያቻት። ደብቄ ያስቀዳኋት እኔ ነኝ፣ በስሜ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ አስረዝሙልኝ ያልኩትም እኔው ነኝ።"

"እኔ ነግሬው ነበር!" አለች ልጄ፣ ጣሪያው እስኪሰማ።

ሰብሳቢዋ ወደ ኋላ ዞሩ። "እስቲ ይምጡ" አሉ።

ባለቤቴ ልጃችንን ዳኛው ጭን ላይ አስቀምጣ ወረደች። ልብሱ ተቀዷል፤ ኢንጂነሯ ግን ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ሽንብራ የተለጠፈባቸው ማሰሪያዎች ከቦርሳዋ አወጣችና በሱሪዋ ላይ አሰረችላት። ሁሉም ልኳ ነው። ያልተረዘመውም አፅም ተቀምጦ ኖሯል። የዛሬ ልጆች ቀልጣፎች ናቸው።

ዱላውን ከእጄ ወሰደች። ቆመች። ትከሻዋ ከፍ፣ ዝቅ። መታች። ስክሪኑ ላይ አርአያውና እሷ አንዱ በአንዱ ላይ ገጠሙና ሁለት መሆናቸው ጠፋ። እኔ ቀድሜ አጨበጨብኩ፤ በሁለት እጄ፣ በሙሉ ኃይሌ። ፎጣውን ረስቼው።

እሱን አልጽፈውም። ያየ አይቷል።

ሳቁ ሲበርድ ሰብሳቢዋ "ማን ነው ያስተማረሽ?" አሏት።

"እሱ ነው" አለች ባለቤቴ። ፎጣዬን ከወለል ላይ እያነሳሁ ነበር። "እኔ የሚለውን ሰማሁ። የሚያደርገውን ባይ ኖሮ እዚህ አልደርስም ነበር።"

ያቺ ሳቅ የማታባክን ሴትዮ ሳቀች።

እሑድ፣ 1

ሰብሳቢዋ ስልክ ደወሉ። እኔን አይደለም የፈለጉት። ዋና አስተማሪዋ ባለቤቴ ናት፣ ከነገ ጀምሮ። ሽቦው ረዳቷ ይሆናል፤ ጠይቆ ነው አሉ። እኔ ደግሞ ለዋሸሁት ከአዳራሹ ወጥቻለሁ። ሜዳው ሲደርቅ ጀማሪዎች ይሰጡኛል፤ እስኪደርቅ ቤት እቀመጣለሁ። ውጭ ደግሞ ዝናቡን ያወርደዋል።

"ተቀይመሽኛል?" አልኳት እቃ እያጠብን።

"ስትሰርቀኝ አልከፋኝም፤ አብረን ነው የሰረቅነው፣ ደስም ብሎኝ ነበር። ስታስረዝመኝ ነው የከፋኝ። ሌባ እንኳ የወሰደውን ቀሚስ ልኩን አይለውጠውም።"

"ትናንት ዝም ብል ኖሮ ትናገሪ ነበር?"

"አልናገርም።"

"ታዲያ ምን ታደርጊ ነበር?"

"ሱሪዬን እሰፋ ነበራ። አንተን ግን ዳግመኛ አላይህም ነበር፤ እዚሁ ቤት ውስጥ ተቀምጠህ።" ሳህኑን አቀበለችኝ። እጄ ላይ ሊወድቅብኝ ነበር።

"ይቅር በይኝ" አልኳት። ስንት ዓመት ተጋብተን ይቺን ቃል በቅጡ ስላት የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። በእርጥብ እጇ ጉንጬን ያዘችኝ።

ሰኞ፣ 2

ጠዋት ልጃችንን ትምህርት ቤት አድርሳ በዚያው ሄደች። ቤቱ ዝም አለ። የሱሪ ክምር ከእኔ ጋር ተፋጧል። አንዱን በካውያ ልተኩስላት ብዬ ነበር፤ ከእንግዲህ አልተኩስም።

ረፋድ ላይ አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ልትወስድ መጣች።

"ባለቤትህ የለችም?"

"ሥራ ሄዳለች።"

"የምን ሥራ? ሥራዋ እዚህ አይደል እንዴ?"

"ጎልፍ ታስተምራለች። ዋና አስተማሪ ናት።"

ሴትዮዋ ግራ ገባት። "የጎልፍ አስተማሪው አንተ አይደለህም እንዴ?"

"እሷን ያስተማርኳት እኔ ነኝ" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። ለካ ከባድ ነው።

"እሷ ናት" አልኩ።

ቀሚሷን ይዛ ሄደች። ከሰዓት በኋላ የመጣውን ደንበኛ ግን ገና ጃንጥላውን ሳያጥፍ፣ ምንም ሳይጠይቀኝ፣ ባለቤቴ ዋና አስተማሪ መሆኗን ራሴ ጀምሬ ነገርኩት።